የዘፋኙ ዕዳ

አብራኝ የምትሠራ አንዲት ሴት አንድ ቀን በመኪናዋ አሳፍራኝ ስንሄድ፣ በሬዲዮ የአሜሪካዊው ድምፃዊ የአር ኬሊ ዘፈን መግቢያ ገና ከመሰማቱ እጇን ሰድዳ አጠፋችው። ምንም አላለችም፤ ወሬያችንን ካቆምንበት ቀጠለች። በዚያው ሳምንት መጨረሻ ያገሬ ልጆች ሠርግ ላይ ታድሜ ሳለ የዚያው ሰው ዘፈን ተከፈተና አዳራሹ በአንድ ጊዜ ሞቀ። ሴት ልጆች ያሏቸው አባቶች ሳይቀሩ ግጥሙን በቃላቸው እየደገሙ ሲጨፍሩ አየሁ። እኔም አልተቀመጥኩም።

ሰውየው የታሰረው በአሉባልታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 ኒውዮርክ በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ ለዓመታት ልጃገረዶችንና ሴቶችን ለወሲብ ሲበዘብዝ እንደኖረ ተረጋግጦ ጥፋተኛ ተባለ፤ በተከታዩም ዓመት የ30 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ሆኖም ይኸው ሰው በ2008 ቺካጎ ውስጥ ተከስሶ በነፃ ተሰናብቶ ነበር። በሁለቱ ፍርዶች መካከል 13 ዓመታት አለፉ፤ በ2019 እስኪታሰር ድረስ አልበም እያወጣ፣ መድረክ ላይ እየወጣ፣ እየተጨበጨበለት ኖሯል። ከፍርዱ በፊትም ሆነ በኋላ ዘፈኖቹ ያው ናቸው፤ የተለወጠው እኛ አድማጮቹ የምናውቀው፣ ወይም አናውቅም ማለት የማንችለው ነገር ነው።

በውጭው ዓለም ሥራንና ሠሪውን ነጥሎ ስለማየት የሚነሣው ክርክር ብዙ ጊዜ የሚያጠነጥነው ገንዘብ ላይ ነው። በካሴት ዘመን አድማጭ አንዴ ከፍሎ ከገዛ በኋላ ሺህ ጊዜ ቢያዳምጠው ለድምፃዊው የሚጨምርለት ነገር አልነበረም። ዛሬ ግን ዘፈን በኢንተርኔት በሚያስደምጠው በስፖቲፋይ አንድ ዘፈን 30 ሰከንድ ከተደመጠ ይቆጠራል፤ የተቆጠረውም ከጠቅላላው ገቢ የራሱን ድርሻ ይወስዳል። በዚህ አሠራር ማዳመጥ፣ መጠኑ እጅግ ጥቃቅን ቢሆንም፣ መክፈል ሆኗል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በሜይ 2018 የአር ኬሊን ሥራዎች ራሱ ከሚያሰናዳቸው የዘፈን ዝርዝሮች አውጥቶ፣ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ደንቡን መልሶ ሰርዞታል። ዘፈኖቹ ፈልጎ ለሚያደምጣቸው ሰው በዚያን ጊዜም ከቦታቸው አልጠፉም ነበር።

ነገር ግን ሂሳቡ ሲተነተን የገንዘቡ ክርክር እንደሚመስለው ቀጥ ያለ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ተራ የሬዲዮ ጣቢያ የሚከፍለው ለግጥምና ለዜማ ደራሲው እንጂ ለድምፃዊው አይደለም። አር ኬሊ ደግሞ ደራሲም ነው፤ ማይክል ጃክሰን በ1995 ያወጣውን አንድ ዝነኛ የፍቅር ዘፈን የጻፈው እርሱ ነው። ባልደረባዬ ያን ዘፈን ብትሰማ ታጠፋው ነበር? ይባስ ብሎ በ2023 ዳኛዋ፣ በሙዚቃ አሳታሚው እጅ ካለው፣ ለዘፈኖቹ ከሚታሰብለት የሮያሊቲ ገንዘብ ላይ ለተበዳዮች ካሳና ለመቀጫ እንዲከፈል አዝዘዋል። ጉዳዩ ገንዘብ ብቻ ከሆነ እንግዲህ ዘፈኑን ማዳመጥ ካሳ ማዋጣት ነው ብሎ የሚከራከር አይጠፋም። እንዲህ ያለ ክርክር ግን ጆሮዬ ላይ ቀላል ሆኖ አያውቅም፤ ባልደረባዬም ሬዲዮኑን ያጠፋችው አስልታ አልነበረም።

የሪቻርድ ዋግነር ነገር ይህን የበለጠ ያሳየኛል። ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ የሞተው በ1883 ነውና ከአድማጩ የሚያገኘው አንዳች ጥቅም የለም። ይሁንና አይሁድን የሚያንቋሽሽ ጽሑፍ ከመጻፉም በላይ ሙዚቃውን ናዚዎች ስላነገሡት፣ እስራኤል ውስጥ በሕግ ሳይከለከል በልማድ ብቻ ለአሥርት ዓመታት በአደባባይ ሳይጫወት ኖሯል። የኦርኬስትራ መሪው ዳንኤል ባሬንቦይም በ2001 ኢየሩሳሌም ውስጥ ከመርሐ ግብሩ በኋላ የዋግነርን ሥራ ለማቅረብ ሲነሣ አስቀድሞ ታዳሚውን ጠየቀ። ተከራከሩ፤ አንዳንዶቹ በቁጣ አዳራሹን ለቅቀው ወጡ፤ አብዛኞቹ ቀርተው አዳመጡ። እኔን የሚመስጠኝ መጫወቱ ሳይሆን መጠየቁ ነው። የጥያቄው ክብደት ያለው በሟቹ ላይ ሳይሆን አዳራሹ ውስጥ ከተቀመጠው የቆሰለ ሰው ላይ መሆኑን ተረድቶ ነበርና። በዚያ ሠርግ ላይ ማንም ማንንም አልጠየቀም።

ወደ አገር ቤት ስመለስ ደግሞ፣ ሥራንና ሠሪውን መለየት እኛ ጥንት የምናውቀው ነገር ሆኖ አገኘዋለሁ፤ የለየንበት መንገድ ግን ግልብጥ ነበር። አዝማሪውን ለጨዋታ ጠርተን፣ በቅኔው ተደስተን፣ ስሙን ግን ለስድብ አደረግነው። ዘፈኑ ክቡር፣ ዘፋኙ ወራዳ ነበር፤ ምንም ያጠፋው ነገር ሳይኖር። ዛሬ አርቲስት ብለን ካከበርነው በኋላ ደግሞ የምንመረምረው ሌላውን ነገሩን ነው፦ ለማን ዘፈነ፣ የማንን መድረክ ረገጠ፣ በእገሌ ጊዜ ለምን ዝም አለ። በወገን ጉዳይ የተጠረጠረ ድምፃዊ ካሴቱ ይወረወራል። ቤቱ ውስጥ ስለሚያደርገው ነገር ግን «የግል ሕይወቱ ነው» እንላለን፤ ሚስቱን ይደበድባል ተብሎ የሚወራበትን ሰው እንኳ «ምን ታደርገዋለህ፣ ድምፁ እኮ!» ብለን እናልፋለን። ውጭ ያለው አድማጭም ከዚህ የነጻ አይደለም፤ ከ2008 በኋላ ለአር ኬሊ ለዓመታት ያጨበጨበው እርሱ ነው። ልዩነቱ እዚያ ቢዘገይም ጉዳዩ ችሎት ፊት ደርሶ ምስክር ተሰምቶበታል፤ እኛ ዘንድ ከሹክሹክታ የሚወጣው ከስንት አንዱ ነው።

እኔ በባዕድ ዘፋኝ ላይ ለመጨከን አልቸገርም፤ አር ኬሊን ካቆምኩ ቆይቻለሁ፤ የጎደለብኝም ነገር የለም። የሚከብደኝ የወጣትነቴ ድምፃዊ ነው። ስሙን አልጠራም፤ በፍርድ ያልተጣራ ነገር ነውና። ታላቅ እህቴ ግን ስለ እርሱ በስልክ ሳነሣባት ቀዝቀዝ ባለ ድምፅ፣ «እኛ እኮ ከሚስቱ ጋር ጎረቤት ነበርን፤ ሌሊት ሌሊት የምንሰማው የእርሱን ዘፈን አልነበረም» አለችኝ። እርሷ እንግዲህ ያን ድምፅ በሰማች ቁጥር የምትሰማው ሌላ ድምፅ ነው፤ እኔ ደግሞ የምሰማው የሃያ ዓመት ልጅ የነበርኩበትን ጊዜ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ እርሷ ባለችበት አልከፍተውም። ካሴቱን ግን አልጣልኩትም።