«ቤትህ ከብት አለ?»፦ ለልብ ሕመምተኛው የማይቀርበው ጥያቄ

አንድ ሰው ለሦስት ሳምንት ያህል ማታ ማታ እያተኮሰው፣ ሌሊት ልብሱን በላብ እያራሰ፣ ወገቡንና መገጣጠሚያውን እየቆረጠመው ወደ ክሊኒክ ቢሄድ ምን እንደሚባል አብዛኞቻችን እናውቃለን። ደም ይሰጣል፤ ጥቂት ከቆየ በኋላ «ታይፎይድ አለብህ፤ ታይፈስም ትንሽ ይታያል» ይባልና የአንድ ሳምንት መድኃኒት ተሸክሞ ይወጣል። ትኩሳቱ ለቀናት ጋብ ብሎ ይመለሳል። ከዚያ ሌላ ክሊኒክ፣ ሌላ ደም፣ ያው መልስ። ለዚህ ምርመራ የምንጠቀምባቸው ዊዳልና ዌይል ፊሊክስ የተባሉት ዘዴዎች አስተማማኝ አለመሆናቸው በባለሙያዎች ዘንድ ከታወቀ ቆይቷል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን በዚህ ሁሉ ምልልስ መካከል ሳይነሣ የሚቀረው ጥያቄ ነው፦ ቤትህ ከብት አለ? በቅርቡ የጨነገፈች ፍየል ወይም ላም ነበረች? ወተት ሳይፈላ ትጠጣለህ?

በአፍሪካ ትልቁን የእንስሳት ሀብት በያዘች አገር ይህ ጥያቄ መዘንጋቱ ሊገርመን ይገባል። የእንስሳት ሐኪሞች የውርጃ በሽታ የሚሉት ብሩሴሎሲስ ከላም፣ ከፍየል፣ ከበግና ከግመል ወደ ሰው የሚተላለፈው ባልፈላ ወተት እንዲሁም በወሊድና በውርጃ ጊዜ በሚወጣው ፈሳሽና የእንግዴ ልጅ ነው። አብዛኛውን ሰው ለወራት አንገላትቶ ይለቀዋል እንጂ አይገድልም። ከመቶ ታማሚዎች ሁለት በማይሞሉት ላይ ግን ባክቴሪያው ደም ውስጥ ሲዘዋወር የልብ ቫልቭ (ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከፈትና የሚዘጋው በር) ላይ ያርፋል፤ በብሩሴሎሲስ ምክንያት የሚደርሰው ሞት አብዛኛው የሚመጣውም ከእነዚህ ጥቂቶች ነው። በብዛት የሚጠቃው ከልብ ወደ ዋናው የደም ቧንቧ የሚከፍተው የአኦርታ ቫልቭ ሲሆን፣ ባክቴሪያው ቫልቩን እየበላ ደም ወደ ኋላ እንዲመለስ ያደርጋል፤ በላዩ ላይ ከሚያበቅለው እባጭ የተቆረሰች ቁራጭ ደግሞ ወደ አንጎል ሄዳ ሰውየውን በአንድ ጎኑ ልታሽመደምደው ትችላለች።

ሁለተኛው ባክቴሪያ ከዚህ ይበልጥ ድምፁን ያጠፋ ነው። ኪው ፊቨር የተባለውን በሽታ የሚያመጣው ኮክሲየላ በርኔቲ በመጀመሪያ የታወቀው በአውስትራሊያ ብሪዝበን ከተማ በ1930ዎቹ የቄራ ሠራተኞችን ባመመ ጊዜ ነው፤ «ኪው» የሚለውም ፊደል የተሰጠው ሐኪሙ የበሽታውን ምንነት ባለማወቁ «ጥያቄ» ለማለት ነበር። በወለደች ወይም በጨነገፈች ፍየል የእንግዴ ልጅ ውስጥ በገፍ ይገኛል፤ ሲደርቅ ከአቧራ ጋር ተቀላቅሎ ለወራት ይቆያል፣ በነፋስም ይጓዛል። ስለዚህ ፍየል በእጁ ነክቶ የማያውቅ ጎረቤትም ይያዛል። ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ በሴሎች ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚኖር በተለመደው የደም ካልቸር፣ ማለትም ደም ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ በላቦራቶሪ አሳድጎ በሚለየው ምርመራ፣ አይበቅልም። ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ቆይቶ በልብ ቫልቭ ወይም ቀድሞ ባበጠ የደም ቧንቧ ላይ ብቅ ሲል፣ ታማሚው ትኩሳት እንኳ ላይኖረው ይችላል። ይደክመዋል፣ ይከሳል፣ ያልበዋል፤ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ሲነሣም የሚታየው ለውጥ ትንሽ ሊሆን ይችላል።

የተጠቀሱት ሁለቱም ባክቴሪያዎች፣ በተለይ ኮክሲየላ፣ የሚወዱት ቀድሞ የቆሰለ ቫልቭ ነው። የእኛን ጉዳይ ከሌላው አገር የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። በልጅነት በጉሮሮ ሕመም ጀምሮ ቫልቭን የሚያጠቃው የሩማቲክ የልብ ሕመም በአገራችን የብዙ ወጣቶችን ልብ አበላሽቷል፤ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ካለው የልብ ማዕከል ተራ የሚጠብቁትን ሕፃናትና ወላጆች ያየ ሰው ማብራሪያ አያሻውም። ከእነዚህ ወጣቶች ስንቱ ከገጠር የመጣ፣ ጥገት ያለበት፣ ግልገል ከሰው ጋር አንድ ጣራ ሥር የሚያድርበት ቤት ልጅ ነው? ቫልቩ ጠባሳ ያለበት ልጅ በፍየል መውለጃ ወቅት እረኛ ሆኖ ሲውል የሚጋረጥበትን አደጋ ግን በቀጠሮ ካርዱ ላይ የጻፈለት ሐኪም አላየሁም።

ኔዘርላንድስ ይህን ትምህርት በውድ ዋጋ ገዝታዋለች። ከ2007 እስከ 2010 በደቡባዊው የአገሪቱ ክፍል ትልልቅ የወተት ፍየል እርባታዎች ባሉበት አካባቢ ኪው ፊቨር ተነሥቶ ከ4 ሺህ በላይ ሰዎች መታመማቸው ተመዘገበ። መንግሥት ከ50 ሺህ በላይ ፍየሎችን ለመግደል ተገደደ። ወረርሽኙ በረድ ካለ በኋላም ቢሆን ለዓመታት የልብ ቫልቭና የደም ቧንቧ ሕሙማን ወደ ሆስፒታል መምጣታቸውን ቀጠሉ፤ ሐኪሞቹም ፍየል ያረቡ እንደሆነ ብቻ ሳይሆን የት አካባቢ እንደሚኖሩም መጠየቅ ለመዱ። እዚያ ቢያንስ ፍየሎቹ ሲጨነግፉ የሚመዘግብ ነበር። በእኛ ደቡብ ምሥራቅ አርብቶ አደር አካባቢዎች በግመል፣ በፍየልና በከብት ደም ላይ በተደረጉ ጥናቶች የኮክሲየላ አሻራ ተገኝቷል፤ ሰው ላይ ግን በመደበኛ ሕክምና አይፈለግም። በ2015 (በፈረንጆች አቆጣጠር) ኢትዮጵያ ቅድሚያ የሚሰጣቸውን አምስት ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፉ በሽታዎች ስትመርጥ ብሩሴሎሲስ ከእብድ ውሻ በሽታና ከአባ ሰንጋ ጋር ተካትቷል፤ ኪው ፊቨር አልተካተተም። ብሩሴሎሲስም ቢሆን በዝርዝር ሰፈረ እንጂ እስከ ወረዳ ክሊኒኩ ጠረጴዛ ድረስ አልዘለቀም።

እዚህ ላይ ጣታችንን አርብቶ አደሩ ላይ የመቀሰር ልማድ አለን፤ አልስማማበትም። ላሚቱ ሌሊት አምጣ ጥጃው ሲቀረቀር በባዶ እጁ ገብቶ የሚስበው ሰው ጓንት አልሰጠነውም። በወይራ ጭስ የታጠነ እቃ ውስጥ የሚጠራቀመው ወተት ከነሽታው ትውልድ የተሻገረ የንጽሕና ጥበብ ነው፤ ሆኖም ጭሱ እቃውን እንጂ ከጡት የወጣውን ባክቴሪያ አይገድልም፤ እርጎ መሆኑም ዋስትና አይሰጥም። ወተቱን አንዴ ማፍላት ይበቃል። ማገዶ በሚቸግርበት፣ ግመል ወተት ደግሞ ጥሬውን መጠጣት ክብር በሆነበት ቦታ ይህን መናገር ቀላል፣ መፈጸም ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በረሃ ግመልና ፍየል ሲጠብቁ ከርመው የሚመለሱ ወጣቶቻችንም በዚሁ ጥያቄ መታየት አለባቸው፤ በአየር ማረፊያ በኩል መግባታቸው ከበረት አላራቃቸውም።

«ላቦራቶሪው የለንም» የሚለው መልስ በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን ሮዝ ቤንጋል የተባለው የብሩሴሎሲስ መለያ ርካሽና በደቂቃዎች የሚያልቅ ነው፤ ዋናው መድኃኒት ዶክሲሳይክሊንም በየፋርማሲው አለ። ልዩነቱ በጊዜው ላይ ነው፦ ተራ ብሩሴሎሲስ ቢያንስ 6 ሳምንት በሁለት መድኃኒት ይታከማል፤ ልብ ላይ ከደረሰ ወራት፣ ብዙ ጊዜም ቀዶ ጥገና ይጠይቃል፤ የኪው ፊቨር የልብ ኢንፌክሽን ደግሞ ዶክሲሳይክሊንና ሃይድሮክሲክሎሮኪን ቢያንስ ለ18 ወራት። «ታይፎይድ» ተብሎ የሚሰጠው የአንድ ሳምንት መድኃኒት ይህን አይፈውስም። ይባስ ብሎ ትኩሳቱን አብርዶ፣ ዘግይቶ የሚወሰደውን የደም ካልቸር ባዶ ያደርገዋል፤ ቫልቩ ግን ውስጥ ውስጡን መፈረሱን ይቀጥላል።

በየወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያና የሰው ጤና ባለሙያ አሉ፤ ብዙ ጊዜም የሚለያቸው አንድ አጥር ነው። የጨነገፉ ፍየሎች ቁጥር በዚህ ወር መጨመሩን የመጀመሪያው ቢያውቅም ሁለተኛው የሚሰማው በገበያ ወሬ ነው። ስልክ መደወል ብዙ በጀት አይጠይቅም። ሐኪሙም ጥርጣሬውን በላቦራቶሪ ማዘዣው ላይ «ከብት አርቢ፤ ብሩሴሎሲስ ይጠረጠራል» ብሎ ይጻፍ። ብሩሴላ በካልቸር ሳህን ላይ ሲያድግ በትንፋሽ የሚይዝ በመሆኑ፣ ያንን ሳህን ያለ ጥንቃቄ የሚከፍተው የላቦራቶሪ ባለሙያ ራሱ ቀጣዩ ታማሚ ሊሆን ይችላልና።