ወደ ባቲ ስትወርድ ጎማ አታስተንፍስ

ወንድሜ፣ «ከደሴ ወደ ባቲ ስትወርድ ሙቀቱ እንዳያፈነዳው ከአዲሱ መኪናህ ጎማ ነፋስ ቀንስ» ያልከው ብዙ ሾፌር የሚያምነው ነገር ነው። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ነፋስ ያነሰው ጎማ አስፋልቱ ላይ ይበልጥ ይተጣጠፋል፣ ይግላል፤ ለመፈንዳት የሚቀርበውም እሱ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ጨርሰህ ኮምቦልቻ ስትለካ ጠዋት 33 ፒኤስአይ (የጎማ ነፋስ ግፊት መለኪያ) የነበረው 36 ቢያሳይ አትደንግጥ። አምራቹ ይህን ጭማሪ አስቦበታል። ልኩን የሾፌሩን በር ከፍተህ ምሰሶው ላይ ከተለጠፈው ወረቀት አንብብ። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ጎማው የሚችለው የመጨረሻ ጣሪያ ነው፤ ጎሚስታው «አዲስ ነው፣ እስከዚያ ይሙላ» ቢልህም እሺ አትበል። የምትለካው ጠዋት፣ መኪናው ሳይነሳ ነው። ቤተሰብና ጤፍ ከጫንክ፣ ወረቀቱ ላይ ለጭነት የተለየ ቁጥር ካለ እሱን ሙላ።