ጥርሷን የሰበረው ሰው ስም የለውም

እ.ኤ.አ. በ1907 በሰሜን ህንድ ኩማዎን ተራሮች፣ ቻምፓዋት አጠገብ አንዲት ታይገር ተገደለች። (ነብር ብላት ከእኛው ባለ ጠቃጠቆ ነብር ጋር ትምታታብኛለች፤ እሷ ባለ ሰንበር ናት።) ኔፓልና ህንድ ውስጥ 436 ሰው በልታለች ተብሎ ተመዝግቦባታል። ገዳይዋ፣ አዳኙ ጂም ኮርቤት፣ ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ በስሙ ይጠራለታል።

እኔን የሚያብሰለስለኝ ግን አፏ ነው። ሬሳዋ ሲታይ በቀኝ በኩል የላይኛው ክራንቻዋ ከወገቡ ተሰብሯል፤ የታችኛው እስከ አጥንቱ ወልቋል። የድሮ ጥይት ነው። አጋዘን ማነቅ ሲያቅታት ለከብት ሣርና ቅጠል ልታጭድ ጫካ የገባች ሴት ቀለለቻት። ያን ጥይት የተኮሰው ማን ነው? ማንም አያውቅም። ተኩሶ፣ ስቶ፣ ምናልባትም እየፎከረ ቤቱ ገብቷል።

ኮርቤት አደኑን የተቀበለው በሁለት ቅድመ ሁኔታ ነበር፤ የመንግሥት ሽልማቱ ይሰረዝ፣ ሌሎች አዳኞች ከአካባቢው ይውጡ። ከጀግንነቱ ሁሉ ይህን አደንቃለሁ። ሽልማት ካለ ጠመንጃ ያለው ሁሉ ጫካ ይገባል፤ በሩቁም በጨለማውም ይተኩሳል፤ አቁስሎ ይመለሳል። የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ በ1911 ኔፓል ሄደው ከነጓዶቻቸው 39 ታይገር የጣሉበትን ደግሞ፣ በዝሆን ከብቦ መተኮስ ስለሆነ፣ አደን ለማለት አፌ አይደፍርም።

በቤንጋል ዳርቻ፣ ሰንዳርባንስ ረግረግ ውስጥ፣ ማር ቆራጮች በ1980ዎቹ ማጅራታቸው ላይ የሰው ፊት ጭንብል ያስሩ ጀመር። ታይገር ከኋላ ነውና የሚመጣው። «ነብር አየኝ በል» የሚለው አባባላችን እዚያ ቃል በቃል እውነት ነው፤ አንተ ሳታየው እሱ አይቶሃል።

ባሏን ለተነጠቀች የሰንዳርባንስ ሴት ይህ ሁሉ የሩቅ ሰው ወሬ ሊሆንባት ይችላል፤ አልፈርድባትም። ሰው መብላት የለመደ አውሬ መወገድ አለበት። የህንድ የ1972 የዱር እንስሳት ሕግም ቢሆን በዱር እንስሳት ኃላፊው ፈቃድ እንዲህ ያለውን መግደል አይከለክልም። በ2022 ቆጠራ የህንድ ታይገሮች 3,682 ገደማ ተገምተዋል፤ መገናኘቱ አይቀርም። ጥያቄው ማን ይተኩሳል፣ ከተኮሰስ በኋላ ምን ያደርጋል ነው።

ኮርቤት የቻምፓዋቷን ታይገር የገደለ ዕለት የያዘው ሦስት ጥይት ብቻ ነበር፤ አለቀበት። ታይገሯ ቆስላ ድንጋይ ላይ ቆማለች። ሮጦ ከአካባቢው ሹም አሮጌ ጠመንጃ ተዋሰና ተመልሶ ተጠጋት። አፏን አልሞ እግሯን መታ፤ ግን ቀድሞ ያገኛት ጥይት በቅቷት ኖሮ እዚያው ወደቀች።