አልጋ አንጣፊዋ ጣሪያ የላትም

ሜሊሳ የተባለው አውሎ ነፋስ ጃማይካን ካወደመ በኋላ የቱሪዝም ሚኒስትሩ ኤድመንድ ባርትሌት ለዘርፉ ቀን ቆርጠውለት ነበር። ታኅሣሥ 6 ቀን 2018 ሙሉ በሙሉ ሥራ ይጀምራል አሉ። አውሎ ነፋሱ የገባው በዚያው ዓመት ጥቅምት 18 ነው። ሁለት ወር እንኳ አይሞላም። እኔ ግን ዜናውን ሳነብ ሌላ ቀን ነበር የምፈልገው። ጠቅላይ ሚኒስትር አንድሩ ሆልነስ ራሳቸው የአደጋው እምብርት ያሏት የብላክ ሪቨር ከተማ ሰው ጣሪያ የሚያገኝበትን ቀን። ስለ እርዳታ ብዙ ተብሏል። ለሆቴሉ እንደተደረገው ቀን ቆርጦ የነገራቸው ግን አላጋጠመኝም።

ሆቴል ለምን ይቀድማል ሲባል የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ ቱሪስት ከመጣ ገንዘቡ ለሁሉም ይዳረሳል። በየት በኩል? የቱሪስት ከተማዋ የሞንቴጎ ቤይ ትልልቅ ሪዞርቶች በአብዛኛው ሁሉን ባካተተ ጥቅል ነው የሚሠሩት። እንግዳው የአልጋውን፣ የምግቡንና የመጠጡን ገና ቶሮንቶ ሳለ ከፍሎ ጨርሷል። ሲደርስ እጁ ላይ አምባር ይታሰርለታል። ከዚያ በኋላ ኪሱን መዳበስ አያስፈልገውም። ከአጥሩ ውጭ ዶሮ ጠብሳ የምትሸጠው ሴት ከዚህ ሰውዬ ምን ታገኛለች?

ደሞዝስ ይባላል። አዎ፣ ደሞዝ አለ፤ ሆቴል ይዘጋ አላልኩም። ግን ያቺን ደሞዝተኛ እስቲ ተመልከቷት። ቀን ሙሉ አንሶላ ስትወጥር፣ ፎጣ ስታጥፍ ትውላለች። ማታ ቤቷ ስትገባ ቆርቆሮው የለም። በቦታው ሰማያዊ ሸራ ተወጥሯል። ዝናብ ሲጥል መሃሉ ይረግብና ውሃ ይቋጥራል። ከታች በዱላ እየገፋች ታፈሰዋለች። ፍራሹ ረጥቧል፣ የልጆቹ ደብተር ረጥቧል። ሆቴሉ ኢንሹራንስ አለው። እንደ እሷ ያለው አብዛኛው ሰው ግን ለቤቱ ኢንሹራንስ የለውም። ታዲያ መጠበቅ የሚችለው ማን ነው?

እኛ ለእንግዳ አልጋ ለቀን መሬት የምንተኛ ሰዎች ነን። የእንግዳን ክብር ማንም አያስተምረንም። ግን መሬት ስንተኛም ከላያችን ጣሪያ አለ። ልጆቹን ዝናብ ላይ አሳድሮ ለእንግዳ አልጋ የሚያነጥፍ አባወራ በየትኛውም ሰፈር ይነወራል። መንግሥት ሲያደርገው ለምን ዕቅድ ተብሎ ይጨበጨብለታል?

ገንዘብ አይበቃም ለሚሉኝ፣ እኔም የምለው ይህንኑ ነው። የዓለም ባንክና የኢንተር አሜሪካን ልማት ባንክ ጉዳቱን 8.8 ቢሊዮን ዶላር ብለውታል፤ የአገሪቱን ዓመታዊ ምርት 41 በመቶ ማለት ነው። ጃማይካ ለእንዲህ ያለ ቀን ብላ ያዘጋጀችው የአደጋ ቦንድ፣ ማለትም ከባድ አደጋ ሲደርስ ከባለሀብቶች ገንዘብ የሚያስገኝ ውል፣ 150 ሚሊዮን ዶላር ሙሉውን ተከፍሏታል። ከጉዳቱ 2 በመቶ እንኳ አይሞላም። ገንዘብ ሲያንስ ነው እኮ ማን ይቅደም የሚባለው። መጀመሪያ ቆርቆሮና ሚስማር፣ ከዚያ የሴንት ኤልዛቤት አውራጃ ማሳ። የአገሪቱ ጎተራ ያ ነው። ቲማቲሙና ሐብሐቡ ከዚያ ካልመጣ ከፍሎሪዳ ይጫናል፤ የቱሪስቱም ዶላር በመጣበት መርከብ ይመለሳል።

የባሕር ዳርቻውም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1956፣ ገና በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ዘመን የወጣው የባሕር ዳርቻ ሕግ ለተራው ጃማይካዊ ዳርቻውን የመጠቀም አጠቃላይ መብት አይሰጠውም። ማዕበሉ የሆቴሎቹን አጥር ወስዶታል። ያንኑ አጥር በችኮላ መልሶ ማቆም፣ ዓሣ አጥማጁን ከገዛ ባሕሩ ዳግመኛ ማስወጣት ነው።

ምን አገባህ የሚለኝ አይጠፋም። በእኛ አቆጣጠር በሚያዝያ 1958 ንጉሡ ኃይለ ሥላሴ ለጉብኝት ኪንግስተን ሲገቡ ያ ሕዝብ በዝናብ ቆሞ ነው የጠበቃቸው። ሻሸመኔ ያሉት ጎረቤቶቻችንም ከዚያው ናቸው። ስለዚህ ያገባኛል። ሚኒስትሩ ሌላም ቀን ይቁረጡልን፤ የመጨረሻው ሰማያዊ ሸራ ከብላክ ሪቨር የሚወርድበትን።