ያቺን ሴት ከበር የመለስናት እኛ ነን

የደሴ ሰዎች፣ ጎረቤቶቼ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ለመንግሥት አይደለም። ለውጭ ድርጅትም አይደለም። እነሱን የሚወቅስ ሞልቷል።

ኅዳር 27 ቀን 2014 ከተማችን ከትግራይ ኃይሎች እጅ ስትለቀቅ አስፋልት ላይ ወጥተን እልል ብለናል። እልልታውን ከቤታቸው ሳይወጡ የሰሙ ሴቶች ነበሩ። የት እንዳሉ እናውቃለን። ምን እንደሆኑም እናውቃለን። ማንም በራቸውን አላንኳኳም።

ከአንድ ዓመት በኋላ አንዲት የሕግ ባለሙያ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየች። ወጣት ናት። በጦርነቱ የተደፈሩ ሴቶችን ቃል ትቀበላለች። የሕክምና ወረቀታቸውን ታያይዛለች። አንድ ቀን ችሎት ፊት ሲቀርብ እንዳይወድቅ አድርጋ ታስቀምጠዋለች። መዝገቧ ላይ ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ ነው። የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ የሚያሳየው ወረቀት ሌላ ቦታ ይቀመጣል።

አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ሻማ ላቀብላት ገባሁ። ሁለት የፕላስቲክ ወንበሮች አሏት። አንደኛው ፊቱ ወደ በሩ ነው። ለምን እንደዞረ ጠየቅኋት።

"እሷ የምትቀመጥበት ነው ጋሼ። መውጫው ከታያት ትረጋጋለች።"

ጠረጴዛው ላይ ሶፍትና አንድ ጠርሙስ ውሃ ነበር። ሶፍቱን ከየት እንደምትገዛው፣ በምን ብር እንደምትገዛው አልጠየቅኋትም። ማናችንም ጠይቀናት አናውቅም።

አሁን ያቺን ሴት ከበር ወደመለስንበት ጠዋት ልምጣ። የሴትዮዋን ማንነት የሚጠቁመውን ሁሉ ለውጬዋለሁ፤ የሆነው ነገር ግን ይኸው ነው።

አንዲት ሴት ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥታ መጣች። ዳገቱን የወጣችው የሚያውቃት ሰው እንዳያያት ብላ ነው። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባለች። በእጇ ጥቁር ፌስታል ይዛለች። እኛ አራት ሰዎች ግቢው በር ላይ ቆመን ወሬ ይዘናል። ከመካከላችን አንዱ፣ ድምፁን እንኳ ሳይቀንስ፣ "ይኸው ደግሞ ሌላዋ ትራፊ መጣች" አለ። ሌላው ሳቀ።

ሰማች። ቆም አለች። ቀና ብላ አላየችንም። ፌስታሉን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችና በመጣችበት መንገድ ተመለሰች። የሕግ ባለሙያዋ ልጅ በነጠላ ጫማ ሮጣ እስከ አስፋልቱ ተከተለቻት። ታክሲው ሄዷል።

ፌስታሉ ውስጥ የዚያን ዕለት የለበሰችው ቀሚስ ነበር። ሳታጥበው፣ ከባሏም ከእናቷም ደብቃ ከዓመት በላይ አስቀምጣዋለች። ልጅቱ በስልክ "በወረቀት ጠቅልዪው፣ ላስቲክ እርጥበት ይይዛል፣ ማስረጃውን ያበላሸዋል" ብላት ስለነበር ከውስጥ በወረቀት ጠቅልላው ነበር። የተባለችውን ሁሉ አድርጋ ነው የመጣችው። ማታ ደወለች። "ምጣድ ስር ከተትኩት" አለች። ከዚያ ወዲህ ስልኳ አይሠራም።

የደፈራት ሰው ያን ቀሚስ ማጥፋት አልቻለም። የት እንዳለም አያውቅም። እኛ በአንዲት ቃል አጠፋንለት።

አሁን የራሴን ልናገር። እኔ አልሳቅሁም። አፌንም አልከፈትኩም። በሳምንቱ የቅሬው፣ የሰፈሩ እድር ማለት ነው፣ ስብሰባ ላይ "የሰፈሩ ስም እየጠፋ ነው" ተባለ። ለአከራይዋ ደብዳቤ ይጻፍ ተባለ። የቅሬው ጸሐፊ እኔ ነኝ። ጻፍኩት። ማኅተሙን የመታሁትም እኔ ነኝ። ደብዳቤው ውስጥ "ለሰፈሩ ሰላም ሲባል" የሚል ሐረግ አለ። ያንን ጻፍ ያለኝ የለም፤ ከራሴ ነው ያመጣሁት።

ግልባጩን ለልጅቱ የወሰድኩላትም እኔው ነኝ። ቆማ አነበበችው። "የእጅ ጽሑፍዎ ያምራል ጋሼ" አለችኝ። ከዚያ ስለ ቀሚሱ ነገረችኝ። ስም አልጠራችም። ድምፅዋንም ከፍ አላደረገችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የሰፈር ስም ያልነው ደግሞ ሙሉ እውነት አልነበረም። ልጅቱ ወገን በምንለው ወታደር የተደፈረች ሴትም ቃል ተቀብላለች የሚል ወሬ ነበር። ያስቆጣን ይኸኛው ነው። በዚህ ጦርነት በትግራይም፣ በአማራም፣ በአፋርም ሴቶች ተደፍረዋል። ልጅቱ "ማን ነው?" ብላ የምትጠይቀው ለመጻፍ ነው። እኛ የምንጠይቀው እንባችንን ለማን እንደምንሰጥ ለመምረጥ ነው።

ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን የግብር አዳራሽ ስም ታውቃላችሁ። አይጠየፍ ይባላል። እንግዳ በመጣ ቁጥር እየወሰድን እናሳያለን፤ ድሃና ሀብታም ሳይባል አብሮ የተበላበት ነው እንላለን። የወሎ ሰው ሰው አይጠየፍም ብለን እንኩራራለን። በየትኛው ፊታችን?

ሰው ሲሞት እንዴት እንደምንሆን አስቡ። ድንኳን እንጥላለን። ሥራ ፈትተን ሦስት ቀን እንቀመጣለን። እነዚህ ሴቶች በቁማቸው ሲያለቅሱ አብሯቸው የሚቀመጥ አጡ። አንዲት ልጅ ብቻዋን ለቅሶ ተቀመጠችላቸው። እሷንም አስወጣናት።

"እሷ ብትጽፈው ምን ሊመጣ?" የምትሉ አላችሁ፤ እኔም ብያለሁ። የሩዋንዳን የዘር ማጥፋት የሚዳኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ታንዛኒያ፣ አሩሻ ላይ ታባ የተባለውን የሩዋንዳ አካባቢ ከንቲባ ዣን ፖል አካየሱን እ.ኤ.አ. በ1997 መዳኘት ሲጀምር ክሱ ላይ መድፈር የሚል ነገር አልነበረም። አንዲት እናት ልትመሰክር ቀርባ የስድስት ዓመት ልጇ መደፈሯን ተናገረች። ዳኞቹ ጠየቋት። ከዳኞቹ አንዷ ሴት ነበረች፣ ናቫኔተም ፒላይ። ሌሎች ሴቶችም ተከትለው ተናገሩ። ክሱ ተሻሻለ። እ.ኤ.አ. በ1998 ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት መድፈርን እንደ ዘር ማጥፋት ቆጥሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈረደ። ያቺ እናት ችሎቱ በር ላይ እንደኛ ያሉ አራት ሰዎች ቆመው ቢጠብቋትስ?

በእኛም አገር ሕጉ አለ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 በስብዕና ላይ የሚፈጸም ወንጀል በይርጋ፣ ጊዜው አልፏል ተብሎ፣ አይታገድም ይላል። የወንጀል ሕጉም በጦርነት ጊዜ ሲቪል ሴት መድፈርን የጦር ወንጀል ያደርገዋል። ያለፉ በደሎች የሚዳኙበት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲም በሚያዝያ 2016 ጸድቋል። ይህን ሁሉ ወረቀት ከአንዲት የኮምቦልቻ ሴት ጋር የሚያገናኙት ግን ጥቂት ሰዎች ናቸው። ልጅቱ፣ ነርሷ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያዋ፣ መርማሪዋ፣ ዐቃቤ ሕጓ። የሰሙትን ይዘው ነው የሚተኙት፣ ከተኙ።

ሰሞኑን ፒያሳ ፎቶ ኮፒ ቤት አገኘኋት። ከስታለች። ወረቀቶቿን ደረቷ ላይ ሸፍና ተራ ትጠብቃለች። ይቅርታ ጠየቅኋት። "አብሽሩ ጋሼ" አለችኝ። ይቅር ማለቷ ይሁን መሸሿ ለይቼ አላወቅሁም። ምን እንደሚያስፈልጋት ጠየቅኋት። ቆጠረችልኝ። ከገጠር ለሚመጡት የመኪና ገንዘብ። እናትየው ስትናገር ሕፃኑን የሚይዝላት ሰው። ኦሮምኛ የሚያስተረጉም፣ ሚስጥር የሚጠብቅ ሰው። ቁልፍ ያለው ቁም ሳጥን። የክፍል ኪራይ።

"ክፍሉን የምመርጠው ግን እኔ ነኝ። የት እንደሆነ አይጠይቁኝ።"

አልጠይቅም። የቅሬያችን መዝገብ እኔ ጋ ነው። ለድንኳንና ለብረት ድስት ያስቀመጥነውን ብር አውቃለሁ፤ የስድስት ወር ኪራይ ይወጣዋል። ለእሁዱ ስብሰባ በአጀንዳ አስይዤዋለሁ። ያ ደብዳቤ እንዲሻርም ከሥሩ ጽፌያለሁ። በየቤቱ እየዞርኩ እያናገርኩ ነው። እስካሁን እሺ ያሉኝ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ያን ጠዋት የሳቀው ሰውዬ ነው።