እባካችሁ ከመርከቡ መደገፊያ ብረት ላይ ፈቀቅ በሉ!

ከአላስካ ክሩዝ ተመልሰናል። ንዴቴ ግን አልበረደልኝም። እዚህ ካልተነፈስኩት ደግሞ አይወጣልኝም።

ሲያትል ለምንኖር ሐበሾች የአላስካ ጉዞ ቅርባችን ነው። መርከቡ የሚነሳው ከዚሁ ከከተማችን ወደብ ስለሆነ አውሮፕላን መሳፈር የለም። ሰመር ላይ ወላጆቹን ከአገር ቤት ያስመጣ ሰው “አንድ ጊዜ እንኳን ይዩት” ብሎ ይዟቸው ይሄዳል። እኔም እማዬን ይዤ ሄድኩ። ወጪው ቀላል አይደለም፤ ለእናት ነውና እሱ አይቆጨኝም። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው።

መርከቡ የሚጭነው ሰው በሺህ ይቆጠራል። ቆመው ውጭውን የሚያዩበት የደርቡ ጠርዝ ግን ውስን ነው። ግሌሸር ቤይ የሚባለው ብሔራዊ ፓርክ በገባንበት ቀን ገና በማለዳ ብረቱን የያዙ ሰዎች እስከ ከሰዓት ንቅንቅ አላሉም። ጃኬታቸውን ብረቱ ላይ አስረው ቁርስ ሊበሉ የሄዱም አሉ። አንዱ ትራይፖድ ተክሏል። ሌላው አይፓዱን በሁለት እጁ ከራሱ በላይ ዘርግቶታል። ከኋላው የቆምን ሰዎች በረዶውን የምናየው በእሱ አይፓድ ውስጥ ነው። ለዚህ ነው እንዴ ይህን ሁሉ ብር የከፈልነው?

ማርጀሪ የሚባለው የበረዶ ግግር ፊት ስንደርስ ነገሩ ባሰ። ግግሩ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ባሕሩ ላይ ያለው ፊቱ ከውኃው በላይ 75 ሜትር ያህል ቆሟል። ስንጥቁ ውስጥ ሰማያዊ ቀለም አለው። ከዚያ ላይ ግንጥል ብሎ ሲወድቅ እንደ መድፍ ይጮኻል። ታዲያ ድምፅ ከዓይን በኋላ ነው የሚደርሰው። ጩኸቱን ስትሰማ በረዶው ወድቋል። ከፊት ያለው ሲወድቅ ያያል፤ ከኋላ ያለው ድምፁን ሰምቶ አንገቱን ሲያሰግግ የተረፈው የውኃው ፍንጣሪ ነው። እማዬ ነጠላዋን በጃኬቷ ላይ ተከናንባ፣ በእግሯ ጣት ቆማ፣ “ወደቀ እንዴ? የቱ ጋ?” ትለኛለች። በኋላ መጠየቁንም ተወችው። ያኔ አንጀቴ ተቃጠለ።

ከፊታችን የነበረውን ሰውዬ በትሕትና ለመንኩት። “እናቴ አሮጊት ናት፣ ለሁለት ደቂቃ ብቻ” አልኩት። ዞሮ እንኳን ሳያየኝ “ቀድሜ የመጣሁት እኔ ነኝ” አለኝ። ቀድሞ መምጣቱን ማን ካደ? ግን ለአንዲት ሽማግሌ ሴት ሁለት ደቂቃ ቢለቅላት ምን ይጎድልበታል? የእኛም ልጆች ከዚህ ነፃ አይደሉም። በረዶውን ጀርባ ሰጥተው ቲክቶክ ላይቭ የገቡ ሐበሾች አይቻለሁ። ከኋላቸው የራሳቸው እናቶች ቆመዋል!

በጣም የሚያናድደው ግፊያው ጭራሽ የማያስፈልግ መሆኑ ነው። መርከቡ እዚያ ጋ አንድ ሰዓት ያህል ይቆማል። ካፒቴኑ ግራውም ቀኙም እንዲያይ ብሎ መርከቡን ቀስ አድርጎ ያዞረዋል። ስለዚህ ለሁሉም ይደርሳል። አንዱ አይቶ፣ ፎቶውን አንስቶ፣ ለሌላው ቢለቅ ማንም ሳያይ አይመለስም ነበር።

የመርከቡ ድርጅትም ከደሙ ንጹሕ አይደለም። የፓርኩ ጠባቂዎች (ሬንጀሮች) መርከቡ ላይ ወጥተው በድምፅ ማጉያ ያስረዳሉ። ከ250 ዓመት ገደማ በፊት ያለፍንበት ባሕር ራሱ በረዶ እንደነበር፣ ከዚያ ወዲህ በረዶው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ እንደሸሸ፣ ቦታው የአካባቢው ነባር የሆነው የትሊንጊት ሕዝብ የአባቶች አገር እንደሆነ። ይህን ሁሉ ለእማዬ ልተረጉምላት እፈልጋለሁ። ግን በመዋኛ ገንዳው በኩል ባሩ ሙዚቃውን ይደበድባል። እንዴት ለአንድ ሰዓት ማጥፋት ያቅታል?

የዓሣ ነባሪውማ አይነሳ። ሃምፕባክ የሚባሉት የብርዱን ወራት ሃዋይ አካባቢ ምግብ ሳይቀምሱ ነው የሚያሳልፉት ቢባል ይቀላል። ሰመር ላይ አላስካ መጥተው ይጠግባሉ። ውኃው ላይ ብቅ ብለው ደጋግመው ይተነፍሳሉ፣ ከዚያ ጅራታቸውን አንስተው ይጠልቃሉ። የጅራቱ የታችኛው በኩል ጥቁርና ነጭ ንድፍ አለው፤ የአንዱ ከሌላው አይመሳሰልም፣ ተመራማሪዎች የሚለዩአቸውም በእሱ ነው። ይህን ለማየት ዝም ብሎ መጠበቅ ይበቃል። እኛ ጋ ግን አንዱ “ያውና!” ሲል መንጋው ሕፃን ረግጦ ወደዚያ ይሮጣል። ጀልባዎች ከሃምፕባክ 90 ሜትር ያህል እንዲርቁ ሕግ አለ። ሰው ከሰው ጫንቃ ላይ እንዲወርድ የሚያዝ ግን የለም።

ወላጆች ይዛችሁ የምትሄዱ ላይኛው ደርብ ላይ አትጋፉ። በእግር የሚዞሩበት ታችኛው ደርብ ላይ ሰው ይቀንሳል። ሕዝቡ ምሳ ሲሄድ ደግሞ ብረቱ ይለቀቃል። እማዬ በጀርባቸው የሚንሳፈፉትን የባሕር ኦተር የሚባሉ ጸጉራም እንስሳት ያየችው ያኔ ነው፤ አንዷ ግልገሏን ሆዷ ላይ አስተኝታ ነበር።

ለድርጅቱ ጽፌያለሁ። ለአዛውንትና ለሕፃናት ከፊት አንድ ቦታ በገመድ ይከለል፣ በረዶው ጋ ሙዚቃ ይጥፋ፣ ዕቃ አስሮ ቦታ መያዝ ይከልከል ብዬ። የደረሰባችሁ ካላችሁ እናንተም ጻፉላቸው። የአንድ ሰው ቅሬታ ሲሆን ችላ ይሉታል።