መንገድ ይነካዋል

የትንሿ ከተማ መዋቅራዊ ፕላን፣ ማለትም የመላ ከተማዋን የመሬት አጠቃቀምና ዋና ዋና መንገዶች የሚወስነው ፕላን፣ አሥር ዓመቱን ሊደፍን ነው። በአዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት መከለስ እንዳለበት አንድም የተከራከረ የለም። ጠቡ የተነሳው ከአሮጌው መናኸሪያ ወደ ገበያ በሚወርደው 600 ሜትር መንገድ ላይ ነው። መሬት ላይ ስፋቱ 10 ሜትር ሲሆን በአዲሱ ፕላን ረቂቅ ላይ 20 ሆኗል።

«ልጄ፣ ከተማ እንደጠበበ አይቀርም» አሉ ጡረታ የወጡት መሐንዲስ። «ዛሬ መስመሩን ካላስያዝነው ነገ ሁሉም ጂ ፕላስ ቱ ይደረድርበታል፤ ያኔ ማን ያነሳዋል? ደግሞስ ለመንገድና ለመሠረተ ልማት 30፣ ለአረንጓዴና ለጋራ መገልገያ 30፣ ለግንባታ 40 በመቶ የሚለውን ምጣኔ በምን ታሟሉታላችሁ?»

ፕላነሯ ወረቀቷን ገልብጣ ማስላት ጀመረች። «ምጣኔውን ጋሼ፣ ገና ባልተሸነሸነው የማስፋፊያ መሬት ላይ እናካክሰዋለን። እዚህ ግን የእያንዳንዱ ይዞታ ፊት 12 ሜትር ተኩል፣ ጥልቀቱ 20፣ በጠቅላላው 250 ካሬ ነው። ከግራና ከቀኝ 5 ሜትር ስንቆርጥ በየጎኑ 48፣ በድምሩ 96 ይዞታ ይነካል። ከእያንዳንዱ 62 ካሬ ተኩል ይሄዳል። የሚቆረጠው ደግሞ ባዶ ግቢ ሳይሆን ሱቁና ጣሪያውን የተሸከመው የፊት ግድግዳ ነው።»

«በአንድ ጎን ብቻ ቢሰፋስ?» አለ ቀያሹ።

«የሚነካው 48 ብቻ ይሆናል፤ ግን ግማሽ ግማሻቸውን ያጣሉ። የሚተርፈው 10 ሜትር ጥልቀት ላይ ቤት ቆሞ አይቀርም። ምትክ ቦታና ካሳ ነው። አዋጅ 1161/2011 ደግሞ ሳትከፍል አታነሳም ይላል።»

«ካሳ የሚከፈለው ሲነሳ ነው እንጂ መስመር ማስያዝ ምን ያስወጣል?» አሉ መሐንዲሱ።

ልጅቷ እዚህ ላይ ድምፅዋ ከፍ አለ። «የሚያስወጣውማ ነዋሪውን ነው፣ ጋሼ! ለመገንባት የፕላን ስምምነት ሊጠይቅ ሲመጣ ‹መንገድ ይነካዋል› ተብሎ ይመለሳል። ሊሸጥ ሲል ገዢ ይሸሻል፤ ለባንክ መያዣ ላድርገው ቢል ማን ይቀበለዋል? አሥር ዓመት ሙሉ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ በሌሊት በቆርቆሮ ይቀጥላል።»

ቀያሹ ነገሩን ወደ መሬት አወረደው። «መጀመሪያ መስመሩ የት እንደወደቀ እንወቅ። ነባሩ ፕላን ከወረቀት ስካን ተደርጎ የገባ ነው። በ1 ለ 2,000 ካርታ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር የቀለም መስመር መሬት ላይ 1 ሜትር ይሆናል። አሮጌው በአዲንዳን፣ አዲሱ ልኬት በደብሊው ጂ ኤስ 84 ነው፤ ሁለቱ የተለያዩ የካርታ መለኪያ መነሻዎች ናቸው፤ አንዱ ወደ ሌላው ሳይቀየር ከተደራረቡ 200 ሜትር ገደማ ይዛነፋሉ። እሱስ በዓይን ይያዛል። ጉዳት የሚያደርሰው ከስካኑ የሚመጣው የ2 እና የ3 ሜትር ስህተት ነው፤ የአንዱን ሳሎን ነክቶ የጎረቤቱን ይምራል።»

በአንድ ነገር ብቻ ሦስቱም ተስማሙ፤ ፊቱ ሱቅ፣ ጓሮው መኖሪያ የሆነ ሰፈር በፕላኑ ላይ ቅይጥ አገልግሎት ይባል፤ ወፍጮ ቤትና የብረት ሥራ ከመኖሪያ ይራቁ።

እኔ ከፕላነሯ ጋር ነኝ። ገንዘቡ በአሥር ዓመት ውስጥ የማይገኝለት መስመር ካርታ ላይ መውደቅ የለበትም፤ የነዋሪው ቤት ያለ ካሳ ይታሰራልና። የመሐንዲሱ ስጋት ግን እውነት ነው፤ ዝም ከተባለ መንገዱ ይታፈናል። ስለዚህ 10 ሜትሩ ይቆይ፤ ከባድ መኪና በማስፋፊያው ዳር በሚወጣ የ20 ሜትር መንገድ ይዙር። በአሮጌው መንገድ ላይ እንደ አዲስ የሚገነባ ብቻ ከወሰኑ 2 ሜትር ገባ ይበል፤ ጣሪያ የሚቀይርና ግድግዳ የሚጠግን ግን አይከልከል። ሁለቱም ጎን ሲታደስ ከግንብ እስከ ግንብ 14 ሜትር ይገኛል፤ ለእግረኛ በቂ ነው። የመስቀለኛ መንገድ ማዕዘኖች 3 በ3 ሜትር ይቆረጡ፤ የካሳው ገንዘብ ለእነሱ ይበቃል።

ቀያሹም ካርታው ከመጽደቁ በፊት የስካኑን ስህተት የሚያርምባቸውን የማይነቃነቁ ነጥቦች ይለካ፤ የድልድዩን ጥግ፣ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ማዕዘን፣ የውኃ ጋኑን። በባለቀለም ካርታ ሕዝብ ማወያየት አይበቃም፤ ብዙ ሰው ቢጫውንና ቀዩን አይቶ ይሄዳል። ከስብሰባው በፊት መስመሩ በኖራ መንገዱ ላይ ይሰመር። ባለቤቱ ከሱቁ ደፍ ላይ ቆሞ ኖራው በየት በኩል እንዳለፈ ይይ፤ አስተያየቱም ከይዞታ ቁጥሩ ጋር እዚያው ይመዝገብለት።